እስከ አባቴ ጉልበት ድረስ

መጀመሪያ የከዳኝ ጫማዬ ነው። አንድ ማለዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ማሰሪያውን ለመቋጠር ጎንበስ ስል እጄ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ሆዴ መሃል ገብቶ አላሳልፍም አለ፤ ወገቤም ተወጥሮ ቀረ። ዞር ብዬ ባለቤቴን አስካለን፣ «ይህን ጫማ ውሃ አስነክተሽዋል እንዴ? ጠቧል» አልኳት። ጫማ ሲጠብ እጅ እንደማያጥር ሕፃን ልጅም ያውቃል። እኔ ግን ከራሴ በፊት ሌላውን የምጠረጥር ሰው ነኝ። ይህን ጠባዬን አስቀድሜ የምናገረው ሕመሜን ካባባሱት ነገሮች አንዱ እሱ ስለሆነ ነው። እንደኔ የወፈረና እንደኔ ተጠራጣሪ የሆነ ሰው ካለ ይህን አንብቦ ሁለቱንም ይታዘብ።

ደግፌ እባላለሁ። በደርግ ጊዜ ልደታ ውስጥ ባለ አንድ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ሚዛን ላይ እሠራ ነበር። ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና በካርድ የሚታደልበት ዘመን ነው። ሕዝቡ ሳይነጋ ተሰልፎ ይጠብቅና መስኮቱ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ሆድ ነው። እንግዲህ አስቡት። ሰው ሁሉ አንገቱ በቀጠነበት ጊዜ የስኳሩ መዛኝ በሩን በጎኑ ነው የሚያልፈው። «ስኳሩ የት እንደገባ ሆዱ ይመስክር» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ስኳር ሰርቄ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ዳቦ በሻይ ስል እውላለሁ፤ ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ የሦስት ሰው እራት እበላለሁ። ከዚያ እተኛለሁ። በዚህ ዓይነት ዓመት ሲደመር ዓመት ምን እንደሚሆን ለማንም ግልጽ ነው፤ ግን ማን ያምነኛል? እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

ከወገቤ ቀጥሎ ትከሻዬ ያዘኝ። እሁድ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ መፈክር በተሰማ ቁጥር የግራ እጅን ጨብጦ ወደ ላይ መወርወር ግድ ነው። የእኔ ግን ከጆሮዬ አያልፍም። አንድ ቀን ከፊት የተቀመጠ ካድሬ ዘወር ብሎ ጭብጤን ትክ ብሎ አየው። ሌላው ሰው ሁሉ ክንዱ እንደ ምሰሶ ቆሟል፤ የእኔ ብቻ ጆሮውን የሚያክ ሰው ይመስላል። በዚያ ዘመን ግማሽ እጅ ማንሳት ግማሽ ልብ መስጠት ተደርጎ ነው የሚቆጠረው። ከዚያ ወዲህ ከምሰሶ ጀርባ መቀመጥ ጀመርኩ፤ ይህም ራሱ ሳያስጠረጥረኝ አይቀርም እያልኩ ደግሞ እጨነቅ ነበር።

ልቤን የሰበረው ግን ስብሰባው አይደለም፤ የመስቀል ዕለት ነው።

አባቴ ሰንጋ ተራ ነው የሚኖረው። በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ በሊስትሮነት ጀምሮ ኋላ ጫማ በመነገድ አራት ልጆች ያሳደገ ሰው ነው። በእኛ ቤት መስቀል የሚባለው የአባባን ጉልበት ስንስም ነው። እሱ አንዲት አጭር በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ እኛ በዕድሜ ተራ እየገባን ሁለቱን ጉልበቶቹን እንስማለን፤ እሱም መዳፉን አናታችን ላይ አድርጎ ይመርቀናል። የመጀመሪያ ልጅ እኔ ነኝ። እኔ ሳልመረቅ ታናናሾቼ አይመረቁም፤ ደንቡ እንዲህ ነው።

የዚያን ዓመት መስቀል ቀረብ አልኩና ጎነበስኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ወገቤን እንደ ጩቤ ወጋኝ። በርጩማዋ ደግሞ በጣም አጭር ናት። ላብ ላብ አለኝ። የምሆነው ሲጠፋኝ የአባቴን ትከሻ ስሜ ቀና አልኩ። ለምርቃት የተነሳው እጁ አየር ላይ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ጉልበቱ ላይ አረፈ። ዓይኑን መሬት ላይ እንደ ተከለ፣ «እደግ» ብቻ አለኝ።

«ቀበሌ የገባ ሰው ጉልበት መሳም ይከብደዋል» አለች እህቴ ወርቄ፣ ቀስ ብላ፤ ግን እንድሰማው አድርጋ።

ያኔ «አሞኛል፣ መጎንበስ አቅቶኛል» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላልኩም። የአርባ ዓመት ሰው ጫማውን የምታስርለት ሚስቱ መሆኗን በእህትና በወንድም ፊት እንዴት ይናገራል? ደግሞም ታሟል ከተባለ የሚዛኑን ቦታ የሚመኙ እንዳሉ አውቃለሁ። በሽተኛ ከምባል ኩሩ ብባል ይሻለኛል ብዬ ዝም አልኩ። ሞኝነት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሕክምናው መንከራተት ተጀመረ። መጀመሪያ የሄድኩት እኛው ሰፈር ያለ ክሊኒክ ነው። ድሬሰሩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ቁርጥማት ነው» አለና አሥር መርፌ አዘዘልኝ። አሥሩንም ተወጋሁ። የተወጋሁበት ቦታ ስለሚያመኝ መቀመጥም አቃተኝ እንጂ ጫማዬ አልቀረበኝም። ቀጥሎ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ እሱ ኩላሊት ነው ብሎ ውሃ በብዛት ጠጣ አለኝ። ጠጣሁ። ሌሊት ሌሊት ከአልጋ መነሳት ለእኔ ትልቅ ሥራ ነበር፤ በጎኔ ተንከባልዬ፣ ግድግዳ ይዤ፣ አስካለ ከኋላ እየገፋችኝ ነው የምነሳው። ውሃው ሲጨመርበት ሁለታችንም እንቅልፍ አጣን። ሦስተኛው ወጌሻ ነው። ስሙ የገነነ ሰው ነበር። በሆዴ አስተኝቶ በጉልበቱ ወገቤ ላይ ወጣና እግሬን ወደ ኋላ ሲጎትተው የጮህኩትን ጩኸት መንገደኛ ቆሞ አዳመጠው። ለአንድ ሳምንት ጭራሽ መራመድ አቃተኝ።

በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ተራ ያዝኩ። በሦስት የተለያዩ ቀናት ሄጄ በሦስተኛው ተራዬ ደረሰ። አግዳሚው ወንበር ላይ ስቀመጥ ሌላው ሰው ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ በዚህ የተነሳ ብዙ ጊዜ ቆሜ ነው የጠበቅሁት። አንድ ቀን አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት ብድግ ብለው፣ «ና ልጄ፣ ተቀመጥ፤ የከበደው አንተን ነው፤ እኔ ቀላል ነኝ» አሉኝ። ተቀመጥኩና እንባዬ መጣ። እሳቸውን ብቻ ነው በዚያ ዓመት ያልጠረጠርኳቸው።

ሐኪሙ ኩባዊ ነበር። ክንዴን አነሳው፣ እግሬን አጠፈው፣ ወደ ፊት ጎንበስ እንድል አሳየኝ፤ ከዚያ ለአስተርጓሚዋ ብዙ ነገር ነገራት። በእጁ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን እያሳየ ነው የሚናገረው። እሷ አዳመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«ወፍረሃል ይላል» አለችኝ።

«ይኼን ሁሉ አውርቶ?»

«ቀንስ ይላል። መገጣጠሚያህ ደርቋል፤ ተንቀሳቀስ ይላል። ቀጣይ!»

እጁን የሚያወናጭፈው ለምን ነበር ብዬ ስወጣ ተብሰለሰልኩ። የደበቁኝ በሽታ አለ ብዬ ጠረጠርኩ። ነቀርሳ ነው፤ አስተርጓሚዋ አዝናልኝ ነው የደበቀችኝ አልኩ። ቤቴ ስገባ ለአስካለ ይህንኑ ነገርኳት።

አስካለ ትዕግሥተኛ ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን ሻሿን ፈትታ አሰረችና፣ «ድሬሰሩን ጠረጠርክ፣ ወጌሻውን ጠረጠርክ፣ እኔን ጫማ አጠበብሽ ብለህ ጠረጠርክ፤ አሁን ደግሞ አስተርጓሚዋን። ሆድህን ግን አንድ ቀን ጠርጥረኸው ታውቃለህ?» አለችኝ። ተቆጣሁ። ሦስት ቀን ሳንነጋገር ቆየን፤ በሦስቱም ቀን ግን ማለዳ ማለዳ ሰው ሳያይ ተንበርክካ ጫማዬን አስራልኛለች።

እንዲህ እያለ ፋሲካ ደረሰ፤ በፋሲካም እንደ መስቀል ጉልበት ይሳማል። አባቴ ቤት ስገባ በርጩማዋ የለችም። አባቴ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ትልቅ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወንበሩ ረጅም ከመሆኑ የተነሳ እግሩ መሬቱን በደንብ አይነካም። ወንድሞቼና ወርቄ ግራና ቀኝ ቆመዋል። እንደ ዳኛ ከፍ ብሎ፣ ግራና ቀኝ ሰው አቁሞ! ወዲያው ገባኝ፤ ማለት የገባኝ መሰለኝ። የስኳሩን ሐሜት ነግረውታል፤ በቤተሰቡ ፊት ሊጠይቀኝ፣ ሊያዋርደኝ ነው። በአባቴ ቤት ችሎት ተሰየመብኝ አልኩ።

«ና፣ ቅረብ» አለኝ አባቴ።

«ሥራ አለብኝ፤ ለሰላምታ ብዬ ነው» አልኩና በሩ ላይ እንደቆምኩ ዞሬ ወጣሁ። ኋላ እንደሰማሁት የዚያን ዕለት ማንም አልተመረቀም። አባባ ወንበሩ ላይ እስከ ማታ ተቀምጦ ውሏል አሉ። ከዚያ በኋላ ሰንጋ ተራን ዞሬ ማለፍ ጀመርኩ። ሌሊት ሲከብደኝ የምፈራው ሞቴን አልነበረም፤ አባቴ ሰባ አምስት ዓመቱ ነው፣ እኔን ሳይመርቀኝ ቢሞትስ እያልኩ ነበር።

ጋሽ ሙሄን ያወቅሁት በፍራሽ ምክንያት ነው። ፍራሻችን እኔ በምተኛበት በኩል ጎድጓዳ ሆኖ አስካለ እየተንሸራተተች እላዬ ላይ ትወድቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ «ፍራሽ አዳሽ!» ሲል ሰማችና ጠራችው። ጋሽ ሙሄ የወሎ ሰው ነው፤ ጌጃ ሰፈር የሚኖር፣ ስድሳ ዓመት የዘለለ፣ ቀጭን ሽማግሌ። ፍራሹን ግቢ ውስጥ ዘርግቶ ጥጡን አበጥሮ ሲሰፋ አየሁት። አይቀመጥም። እግሩን ከፈት አድርጎ ቆሞ ከወገቡ ታጥፎ ነው መሬት ላይ ያለውን ፍራሽ የሚሰፋው፤ ለምሳ እንኳ ቀና ሲል ወገቡን አይዝም።

አስካለ፣ «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ እንዴት ነው እንዲህ የሚታጠፉት?» አለችው።

እሱ መጀመሪያ እኔን አየ፣ ከዚያ አጥሩን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቻይናዎች አስተምረውኝ ነው» አለ። በወሎ ተራራ ላይ መንገድ ሲሠሩ ካምፓቸው ውስጥ ወጥ ቤት ረዳት ነበርኩ አለ። በየማለዳው በዚያ ብርድ ወጥተው ቀስ ያለ ስፖርት ይሠራሉ። ሽማግሌው ወጥ ቤታቸው ወገቤን እንደያዝኩ ሲያየኝ እጄን ይዞ አስተማረኝ፤ ስምንት እንቅስቃሴ ነው፣ ስሙም በእነሱ ቋንቋ ስምንቱ የሐር ቁራጭ ማለት ነው አለ።

አስካለ ወዲያው፣ «ለእሱም ያስተምሩልኝ» አለችው።

«ጓድ ደግፌ ከፈለጉ... እሺ፤ ደስ ይለኛል» አለ። ደስ ያለው ግን አይመስልም ነበር።

«ጓድ» ማለቱ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ፍራሽ አዳሽ መዛኝን ምን ቆርጦት ጓድ ይላል? ይህ ሰው ጆሮ ጠቢ ነው አልኩ። በየግቢው የሚገባ፣ የሰውን አልጋ የሚያውቅ፣ ማንም የማይጠረጥረው፤ ለጆሮ ጠቢነት ከፍራሽ አዳሽ የበለጠ ሥራ የለም። ደግሞ ቻይና! በዚያ ሰሞን በስብሰባ ላይ ቻይና በክፉ ነው የምትነሳው። ሊፈትነኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እምቢ እንዳልል ጫማዬ አለ፣ የአባቴ ጉልበት አለ። እሺ ጓድ ሙሄ አልኩት።

በየማለዳው ሥራ ሳልገባ ጌጃ ሰፈር ግቢው እሄድ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ይኼማ ቀልድ ነው አልኩ። ሁለት እጅን አጋጥሞ ከራስ በላይ ቆጥ ላይ ያለ ዕቃ እንደሚያወርድ ሰው መንጠራራት፤ ቀስት እንደሚስብ ሰው ደረትን መክፈት፤ እግርን ሳያነሱ አንገትን አዙሮ ተረከዝን ማየት፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጅን ወደ እግር መላክ። ሩጫ የለም፣ ዝላይ የለም። ሁሉም ነገር ቀስ ተብሎ ከትንፋሽ ጋር ነው የሚሠራው። ቀላል መስሎኝ በሦስተኛው እንቅስቃሴ ላይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ሸሚዜ በላብ ራሰ።

«ትንፋሽዎን አይያዙ። ሲወርዱ ያውጡት» ይለኛል። «ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ። ሆድዎን አይጣሉት፤ መንገድ ይስጡት፤ እግርዎን ከፈት ያድርጉለት።» ስለ ሆዴ እንደ አንድ የተከበረ እንግዳ ነው የሚያወራው። የሚያም ከሆነ እዚያው ያቁሙ ይላል፤ እንደ ወጌሻው አይጎትትም። ሚዛኔን ስስት ግድግዳ ያስይዘኛል።

ለመጎንበሱ የራሱን ዘዴ አመጣ። ከፊቴ የታጠፉ ፍራሾች እስከ ሆዴ ድረስ ከመረና መዳፌን እላዩ ላይ እንዳሳርፍ አደረገ። በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በየሁለት ሳምንቱ፣ አንድ ፍራሽ ከክምሩ ያወጣል። እኔም ሳላውቀው አብሬ እወርዳለሁ። መጀመሪያ ላይ ፍራሹን እየሸጠ መስሎኝ ነበር፤ አንድ ቀን ቆጥሬ ነው የገባኝ። በዚህ መሃል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኩባዊው ሐኪም እጁን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ያወናጨፈው ይህንኑ ሲያሳየኝ ኖሯል።

ክረምቱ ገባ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ክምሩ ከጉልበቴ በታች ወረደ። አንድ እሁድ ስብሰባ ላይ መፈክር ሲሰማ የግራ ጭብጤ ከሰው ሁሉ እኩል ወጣ፤ ካድሬው ዞሮ አየኝ፤ እኔም አየሁት። አንድ ማለዳ ደግሞ አስካለ ጫማዬን ልታስር ስትመጣ ቀድሜያት ቋጠርኩት። ወጥታ ጓዳ ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት።

እዚህ ላይ ነው የራሴ ጠባይ ሊያጠፋኝ የነበረው። አንድ ማለዳ ሁለታችንም እጃችንን ወደ ሰማይ ዘርግተን ቆመን ሳለ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ በሩን ገፍቶ ገባ።

«ምንድነው በየማለዳው በምልክት የምትነጋገሩት?» አለ።

«የሰውነት ማጎልመሻ ነው» አለ ጋሽ ሙሄ፤ ከንፈሩ ደርቋል።

ጥበቃው ፍራሾቹን በጠመንጃው አፍ ጎርጎር ጎርጎር አደረገና፣ «እናያለን» ብሎ ሄደ። እኔና ጋሽ ሙሄ ተያየን። ማነው የነገረው? ከአስካለ ሌላ ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ አልተናገርኩም። በማግስቱ ቀረሁ። ከዚያም ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ቀረሁ። ሚዛኔ ላይ ሆኜ እሱ ካርዱን ይዞ ሲሰለፍ አየዋለሁ፤ አንገቱን ይደፋል። ይኸው ዓይኑን ደበቀ፣ ጥፋተኛ ነው እላለሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ጎንበስ ስል እጄ ማሰሪያው ጋ ሳይደርስ ቆመ። አስካለ መጥታ ተንበረከከች።

ያን ቀን ተናድጄ ጌጃ ሰፈር ሄድኩ። ጥጥ ሲያበጥር አገኘሁት።

«ማን እንደነገረብን አውቃለሁ» አልኩት።

«እኔም አውቃለሁ» አለኝ።

ተፋጠጥን። ከዚያ እኩል አፋችንን ከፈትን፤ እኔ «እርስዎ ነዎት!» ስል እሱ «አንተ ነህ!» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ሲለኝ ነው።

«እኔ?» አልኩት። «እኔ ለምን?»

«የቀበሌ ሰው ነሃ! ያን ሆድ ይዘህ የማን ሰው ትሆናለህ? ስኳር መዛኝ፣ ከሊቀመንበሩ ጋር የምትስቅ። ወላሂ፣ ገና ሚስትህ አስተምርልኝ ስትል ነው የደረቅሁት። ቻይና ያልኩበትን ምላሴን ልቆርጠው ነበር። እምቢ ብለው ካርዴን ይቀማኛል፣ ወይ ያስወስደኛል ብዬ ነው እሺ ያልኩህ።»

«ፈርተው ነው ያስተማሩኝ?»

«ታዲያ ሆድህን ወድጄው ነው?»

«እኔ እኮ እርስዎን ጆሮ ጠቢ መስለውኝ... ጓድ ሲሉኝ...»

«ጓድ ያልኩህማ ፈርቼ ነው! አንተስ ለምን ጓድ አልከኝ?»

«ፈርቼ» አልኩት።

ጥጡ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ ወገቤን አመመኝ። ሁለት ወር ሙሉ አንዱ አንዱን እየፈራ ጎን ለጎን ሰማይ ስንደግፍ ከርመናል። ኋላ እንደደረስንበት ጥበቃው የሚኖረው ከአጥሩ ማዶ ኖሯል፤ ማንም አልነገረውም፣ በዓይኑ አይቶን ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ማለዳ ያው ሰው ጠመንጃውን ትቶ ጉልበታቸው የያዛቸውን እናቱን ደግፎ መጣ። እናቱን የላካቸው ሊሰልሉን ነው ብዬ ለጋሽ ሙሄ በጆሮው ነገርኩት። «አብሽር፤ ሰላይ እንዲህ አያቃስትም» አለኝ።

ሰው እንዳይሳሳት አንድ ነገር ልናገር። ይህ ስፖርት አላከሳኝም። የመስቀል ሰሞን ስመዘን የወረደው ጥቂት ነው፤ እሱም የእራቱን መጠን አስካለ ስለቀነሰችው ነው። ከመድኃኒት ጋር አይወዳደርም፤ ሐኪምም አያስቀርም። የሰጠኝ አንድ ነገር ነው፤ የወፈረው ሰውነቴ ከነውፍረቱ መታጠፍ ቻለ። ለእኔ ይህ ይበቃኝ ነበር።

መስቀል ደረሰ። ጋሽ ሙሄ በዋዜማው የመጨረሻውን ፍራሽ አነሳና መዳፌን መሬት ላይ አስነካኝ። «የአባትህ በርጩማ ከዚህ አያጥርም» አለኝ። እኔ ግን ፈርቻለሁ። አባቴ ያንን ረጅም ወንበር ይዞ ቢጠብቀኝስ? ዞሬ ብወጣስ? ሰንጋ ተራ እስክደርስ ድረስ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ነበር።

በርጩማዋ በቦታዋ ነበረች። አባቴ ተቀምጧል፤ ከስቷል። ቤተሰቡ ቆሞ እኔን ያያል። ቀረብ አልኩ። እግሬን ከፈት አደረግሁ፣ ትንፋሼን እያወጣሁ አንዱን ጉልበቴን መሬት ላይ አሳረፍኩ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ጎነበስኩ። ሆዴ መንገድ ሰጠኝ። የአባቴን ቀኝ ጉልበት ሳምኩ፣ ግራውን ሳምኩ። ጋቢው የጫማ ቀለም ይሸታል፤ እስከ ዛሬ አይለቀውም። ያ እጅ መጥቶ አናቴ ላይ አረፈ። ረጅም ምርቃት መረቀኝ፤ የዓመቱን ሁሉ።

ከምርቃቱ በኋላ እጁን አላነሳም። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያን ወንበር ለምን ጠላኸው?» አለኝ።

«የትኛውን ወንበር አባባ?»

«የፋሲካውን። ከጎረቤት የተዋስኩት ለአንተ ነበር። ከፍ ብዬ ስቀመጥ ሳትጎነብስ ይደርስልሃል ብዬ።»

አንገቴን ማቅናት አቃተኝ። «መታመሜን ማን ነገረዎት?» አልኩት።

«እኔ የሰው እግር እያየሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ ልጄ። አምና በመስቀል ስትገባ ጫማህን አየሁት። ማሰሪያ መቋጠር ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ የአንተ ቋጠሮ አልነበረም። የሴት እጅ ነው ያሰረው። ያኔ ነው የገባኝ። ዛሬስ ማን አሰረው?»

«እኔ» አልኩት።

ዝቅ ብሎ አየው። «አዎ» አለ፣ «የአንተ ነው።»

ከኋላዬ ወንድሞቼ ተራቸውን ይጠብቃሉ። እኔ አልተነሳሁም። ወርቄ ደንግጣ፣ «ምነው? ወገቡ ተያዘ እንዴ? ኧረ አንሡት!» አለች። ሁለቱ ወንድሞቼ ብብቴን ይዘው ሊያነሱኝ ሲመጡ አባቴ ተዉት ብሎ በእጁ መለሳቸው። ወገቤ አልተያዘም ነበር።